ማን ማንን ቻለ

«ሻንጣ ሙሉ ማን አላችሁ? አንዳንድ ልብስ ነው ያልነው» አለ ሰብሳቢው፣ በሩ ሥር የቆመውን ሻንጣ በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ። «ትልቋ የእምነቷን፣ ትንሿም የእምነቷን፣ አንዳንድ ልብስ። በቃ። የአብሮነት ቀን ነው እንጂ የፋሽን ትርኢት አይደለም።» ልብስ ሰፊዋ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች ሳታወጣ ቀና ብላ አየችውና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ሻንጣው ለመድረክ የተዘጋጀ አልነበረም። የትንሽ እህቷ ነው። ማለዳ ታጭቆ ተዘግቷል፤ አሥር ሰዓት ላይ በሚመጣ መኪና ተጭኖ ከዚህ ቤት ይወጣል፤ ባለቤቱም አብራው ትወጣለች፤ የምትመለስበት ቀን አልተነገረም። ትልቋ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ራሷ ይህን ያወቀችው የዚያን ዕለት ጠዋት ነው። ትንሿ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ክሊኒኩ አጠገብ ክፍል ተገኝቷል፣ አሥር ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል» ብላ ለበሩ እጀታ ነግራው ሄደች።

ሰብሳቢው የፎቃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ የውኃ ፓምፑን ያስጠገነ ዕለት እጀምራለሁ ብዬ ይኸው ስድስት ወር አለፈኝ። ፓምፑ ከተበላሸ ጀምሮ ውኃ ከምድር ቤት አልፎ አይወጣም። በየወሩ እንሰበሰባለን፣ «በጀት የለም» ይለናል፣ እኛም የገባን ለመምሰል ራሳችንን ነቅነቅ እናደርግና ጄሪካናችንን አንጠልጥለን ደረጃውን እንያያዘዋለን። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ደግሞ ዓመት አልፎታል፤ ማን የማንን እግር እንደረገጠ የምናውቀው በድምፅ ነው። ለዚያ ቀን ግን በጀት ተገኘ። ሁለት መቶ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሁለት ድምፅ ማጉያና አንድ ቀይ ምንጣፍ ተከራይቷል፤ የምንጣፉ የአንድ ቀን ኪራይ ብቻ ለደረጃው የሦስት ዓመት አምፖል ይገዛ ነበር። «ከላይ እንግዳ ይመጣሉ» ሲለን የአምስተኛ ፎቁ ጡረተኛ መስለውን ነበር፤ ለካ ከመሥሪያ ቤት ኖሯል።

እህትማማቾቹ የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው። አንድ ክፍል ናት። እንደገባችሁ በስተቀኝ የስፌት መኪናው፣ ከጎኑ የካውያ ጠረጴዛው፣ ከዚያ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ማዶ ሁለት አልጋና አንድ መስኮት። በአንዱ አልጋ ራስጌ መስቀል፣ በሌላው ራስጌ ሙስበሓ ተሰቅሏል፤ ሁለቱንም ምስማር የመታሁት እኔ ነኝ፣ አንዱም ቀጥ ብሎ አልገባልኝም። እናታቸው ቤተክርስቲያን ሳሚ፣ አባታቸው መስጊድ ሰጋጅ ነበሩ፤ ሲጋቡ ምን እንደተባባሉ የሚያውቅ የለም፣ ልጆቹን ግን እኩል ተካፈሉ። ትልቋ የእናቷን ይዛ አደገች፣ ትንሿ የአባቷን። ሁለቱ ወላጆች በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሄዱ ትንሿ ስምንት ዓመቷ፣ ትልቋ አሥራ ዘጠኝ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። በዚያ ቤት ማንቂያ ሰዓት አንድ ነው፤ ትንሿ ለሶላቷ ተነስታበት ስትጨርስ ለትልቋ ጸሎት መልሳ ትሞላዋለች። የአንዷ ጾም ሲወጣ የሌላዋ ስለሚገባ ድስቱ ከዓመት ዓመት ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሚሞላው። ከዚያ ቤት ጭቅጭቅ ሰምቼ የማውቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመስኮት። ትልቋን ካውያው ቀኑን ሙሉ ሲያነዳት ስለሚውል መስኮት ካልተከፈተ አትተኛም፤ ትንሿ ደግሞ አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነውና ብርዱ አንገቷ ላይ ነው የሚያድረው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዷ ትከፍታለች፣ ሌላዋ ትዘጋለች።

ትንሿ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። የታመመ ሰው ስሙን ሳይጨርስ ካርዱን መዝዛ ታወጣለች፣ ጠዋት ገብታ ሲመሽ ትመለሳለች። ትልቋ ይህን ድካሟን ታያለች። ስለዚህ ፓምፑ የተበላሸ ሰሞን «ውኃውን ዘበኛው ነው የሚያወጣልኝ» ብላ ነገረቻት። ዘበኛው አላወጣም፣ ዘበኛው ራሱን ከወንበሩ ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አራት ፎቅ፣ ሃያ ሊትር የምታወጣው ራሷ ናት። የስፌት መኪናው ፔዳል በጀመረው ላይ ደረጃው ጨመረበትና ቀኝ ጉልበቷ አበጠ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሱሪ ላሳጥር ስገባ በሁለት እጇ ይዛው አገኘኋት። «ታዪው እንጂ፣ እህትሽ ክሊኒክ እየሠራች» ብላት፣ «እንዳትነግርብኝ። ካወቀች ማታ ማታ ከሥራ መልስ ውኃ ልቅዳ ብላ ትነሳለች» አለችኝ። ታዲያ እንዴት ልትሆኚ ነው ብዬ ስጠይቃት ሱሪዬን በጠመኔ እያሰመረች እንዲህ አለች፤ «ምን ይደረጋል? የገዛ ሥጋ ተቆርጦ አይጣል። ችሎ መኖር ነው።» ዞር ስል ትንሿ በሩ ላይ ቆማለች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ። ለማናችንም ሰላም ሳትል ወደ መጋረጃው ገባች። እኔ ሞኙ ድካም መሰለኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የቤቱ ቋንቋ ከሰው ወደ ዕቃ ዞረ። «ቁልፉ በሩ ላይ ነው» ትላለች ትንሿ ለግድግዳው። «ሾርባው ይቀዘቅዛል» ትላለች ትልቋ ለድስቱ። ድሮ አንድ ነገር በተናገረች ቁጥር ከፊቱ ወይ ከኋላው «እትዬ» የምትል ልጅ ቃሉን ከአፏ አወጣችው፣ ውጭ ጥላው የመጣች ነው የሚመስለው። ትልቋ ምን እንዳጠፋች ብታስብ ብታስብ አልመጣላት አለ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። መጠየቅ ደግሞ አልሆነላትም። አሳድጌያት እኔው ልለማመጣት ነው ትላለች በሆዷ፤ ትንሿም ሸክም ሆኜባት ከኖርኩ ምን እጠይቃታለሁ ትላለች በሆዷ፤ እንዲህ እያሉ ሦስት ሳምንት አለቀ። እኛ ጎረቤቶች ግን ምክንያቱን ወዲያው አገኘነው። ሃይማኖት ነው፣ አልን። ጎረቤት ምክንያት ሲያጣ ሃይማኖት ያነሳል፤ ፓምፕ ነው ጉልበት ነው ብሎ ማሰብ ድካም አለው።

ኮሚቴው ለሽልማት የመረጠው እንግዲህ ይህን ቤት ነበር። «የመቻቻል ተምሳሌት ቤተሰብ» ተብለዋል። ጸሐፊዋ ከሰብሳቢው ኋላ ቆማ መዝገቧን ገለጠች። ሳምንቱን ሙሉ በየበሩ እያንኳኳች የሁላችንንም ሃይማኖት ስትመዘግብ ነበር። የመብራት ሠራተኛው «እኔ ምንም አይደለሁም» ቢላት «ምንም የሚል ሣጥን የለኝም» ብላ ከሚያንሰው ወገን ጻፈችው። አሁን ትልቋን ከእግር እስከ ራስ አየቻትና ለሰብሳቢው አንድ ነገር በጆሮው አለችው። ሰብሳቢው ተጨነቀ።

«ሁለታችሁም ሻሽ ነው የምታስሩት» አለ። «ፎቶ ላይ ማን ማን እንደሆነች በምን ይለያል?»

«ትልቋ እኔ ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ።

«እሱን አይደለም ያልኩት እህታችን። አንድነታችን እንዲታይ መጀመሪያ ልዩነታችን ጎልቶ መታየት አለበት። አንቺ ሻሹን አውልቂው፣ ትንሿ ሰፋ አድርጋ ትሰረው። ይሄም መጋረጃ ይነሳ። እንግዳው ቤቱን ልይ ካሉ የመለያየት መንፈስ ይሰጣል።»

«መብራት ነው የሚከልለው» አለች። «እሷ ስትተኛ እኔ እሰፋለሁ።»

«ቢሆንም ይነሳ።» ከዚያ እንደገና ሻንጣውን አየና አሁን ገና ነገሩ ከነከነው። ትልቋ፣ «እህቴ ልትሄድ ነው» አለችው። ሰብሳቢው ለምን አላለም፣ የት አላለም፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ ዛሬ ምን ተገኘ አላለም። በስንት ሰዓት ነው አለ። አሥር ሰዓት ስትለው ጣቶቹን እየቆጠረ ሲያሰላ ቆየና ፊቱ በራ። «እንግዳው ስምንት ሰዓት ይገባሉ፣ ዘጠኝ ላይ ሽልማት፣ ዘጠኝ ተኩል ፎቶ። ትደርሳለች። ትሂድ፣ ማን ያዛት፣ ከፎቶው በኋላ።» ደረጃውን እየወረደ ወደ ክሊኒኩ ደወለ። ድምፁ በጨለማው ደረጃ እስከ እኔ በር ተሰማ፤ «እህትሽ ናት አደራ ብላ የለመነችኝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ አብራኝ ትቁም ብላለች» ይላል። ተመልሶ ወጥቶ ደግሞ ለትልቋ፣ «ትንሿ በደስታ ነው የተቀበለችው» አላት። ሰው ለማስማማት መዋሸት ይፈቀዳል የሚል ትምህርት አለ፤ ሰብሳቢው ትምህርቱን ለፎቶ ብቻ ነው የሚጠቀምበት።

ሲሄዱላት ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ትታ ሻንጣው አጠገብ መሬት ተቀመጠች። ቀኝ እግሯ አልታጠፍ ስላላት እንደ ተጣለ ዕንጨት ወደ ፊት ዘርግታዋለች። አልከፈተችውም፤ እጀታውን ብቻ ያዘች። እጀታው በአንድ ወገን ተተርትሯል፣ ደረጃው ሳያልቅ ይበጠሳል። ይህን የማያይ ልብስ ሰፊ የለም። ወፍራሙን ክር በሰም አሽታ፣ ድርብ አድርጋ፣ ጫማ እንደሚሰፋ ሰው በጥርሷ እየሳበች ሰፋችው። የእኔ በር ክፍት ነበርና ሳያት ቆየሁ። እህቷ እንዳትሄድ የምትፈልግ ሴት እህቷ የምትሄድበትን ሻንጣ እጀታ እያጠበቀች ነው። ምን ትላላችሁ? ምሳ ሰዓት ነበር፣ ወደ ምሳዬ ገባሁ።

ግቢው ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ሞላ። ለስላሳ ይታደላል ተብሎ ስለነበር ሰዉ አብሮነቱን ይዞ በጊዜ ወጥቷል። ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ጨርቅ ላይ «ተቻችለን እንኖራለን» ይላል፤ ጽሑፉን የጻፈው ሰው ቦታ ስላልበቃው «ተቻች» ከላይ፣ «ለን እንኖራለን» ከታች ሆኗል። የጨርቁን ጠርዝ የዘመዘመችው ልብስ ሰፊዋ ነች፣ በነፃ፣ ለአብሮነት ሲባል። ጸሐፊዋ መዝገቧን ይዛ ወንበር ታከፋፍላለች፤ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ፣ እንደ ዳማ ጠጠር። እኔና የምድር ቤቱ ጫማ ሰፊ ሃያ ዓመት በየስብሰባው ጎን ለጎን ስንቀመጥ አንዳችን የሌላችንን ሃይማኖት ከቁም ነገር ቆጥረነው አናውቅም፤ ያን ቀን ተቆጠርን፣ አንድ ዓይነት ሆነን ተገኘን፣ ለያዩን። ጫማ ሰፊው ከሦስት ወንበር ማዶ ሆኖ «በአብሮነት ምክንያት ተለያየን እኮ» አለኝ። የመብራት ሠራተኛው ከማያውቀው ወገን ተሰልፎ ለስላሳውን ይጠጣል፤ በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ተፈልጎ አያውቅም።

እንግዳው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲል መጡ። ስለ ልዩ ልዩ አበባዎችና ስለ አንድ የአትክልት ቦታ ሩብ ሰዓት ተናገሩ። እህትማማቾቹ መድረኩ ላይ በሁለት ወንበር፣ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ ትተው ተቀምጠዋል። ትንሿ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ነጭ ገዋኗን እንደለበሰች ነው፤ ትልቋ ሻሿን አላወለቀችም። ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ በምልክት ነገራት፣ ሁለት ጊዜም ወደ ሰማይ አየች። ትንሿ ግን የምታየው የእጅ ሰዓቷን ነው። ሽልማቱ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ በመስታወት የተገጠመ የምስክር ወረቀት፣ እና ጥብጣብ የታሰረላቸው ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን። ጄሪካኖቹን ሳይ ሰብሳቢው ቀልድ የሚያውቅ ሰው መሰለኝ፤ ፊቱን ሳየው አለመሆኑን ተረዳሁ።

ለአሥር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ትልቋ ማይክሮፎን ተሰጣት። ሰብሳቢው ራሱ የጻፈውን ወረቀት እንድታነብ ነው። እግሩ ተሰብሮ በክር የተጠመጠመ መነጽሯን አድርጋ፣ ወረቀቱን እንደ ልብስ ልኬት አርቃ ይዛ ጀመረች። «የተከበራችሁ እንግዳችን፣ የተከበራችሁ ነዋሪዎች። እኔ የእህቴን ሃይማኖት ችዬ፣ እህቴም የእኔን ችላ...» እዚህ ላይ ቆመች። ከላይ ጀምራ መልሳ በልቧ አነበበችው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል። መጠየቋ ጨዋታ ለመስበር አልነበረም፤ ስፌት ላይም የማይገጥም ነገር ስታገኝ እንዲሁ ነው፣ ፈትታ ነው የምታየው።

«ይቅርታ» አለች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«መቻቻል» አላት ሰብሳቢው በሹክሹክታ፣ ፊቱን ለእንግዳው ፈገግ እንዳደረገ።

«እሱንማ አነበብኩት። ምኗን ነው የቻልኩት?»

ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን ለመያዝ እጁን ዘረጋ፣ እሷ ወደ ሌላ እጇ አዛወረችው። «ሸክም ነው የሚቻል» አለች፣ ለእሱ ብቻ የምትነግረው መስሏት፣ ድምፅ ማጉያው ግን እስከ አምስተኛ ፎቅ ያወጣዋል። «ሕመም ነው የሚቻል። ይቺ ልጅ ምኗ ነው የከበደኝ? በስምንት ዓመቷ አዝያት ደረጃ ስወጣ እንኳ ከብዳኝ አታውቅም። እሷ ስትሰግድ ወለሉን ሠርስራ ወርዳለች? እኔስ ስጸልይ ምን አስቸግሬያት ነው ቻለችኝ የሚባለው? ጋሼ፣ የሚቻለውንማ ልንገርዎት። እኔ የቻልኩት ይሄን ጉልበት ነው። ስድስት ወር ሙሉ ውኃ ሳወጣበት። ይኸው ጎረቤቴ ምስክሬ ነው፣ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ቀን ጠይቆኝ፣ ምን ይደረጋል፣ የገዛ ሥጋ ተቆርጦ አይጣል፣ ችሎ መኖር ነው ብዬዋለሁ። ስለ ጉልበቴ። ስለ እሷ ብሎ የጻፈልኝ ማነው?»

ሁለት መቶ ራስ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ለስላሳዬን ያዝኩ። እንግዳው የዝግጅቱ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ፣ እሳቸው ሲያጨበጭቡ ሁሉም አጨበጨበ። ትንሿ ብቻ አላጨበጨበችም። የእጅ ሰዓቷን ማየት ትታለች። ፊቷ መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ቀይ ሆነ፤ ጭብጨባው እስኪያባራ ጠበቀችና ከወንበሯ ሳትነሳ ጠየቀች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለእህቷ ፊት የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ነው።

«የትኛው ጉልበት ነው?»

«ቀኙ» አለች ትልቋ፣ በማይክሮፎን።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፓምፑ።»

ጫማ ሰፊው ከማዶ ሳቀ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ እንግዳው ወደ ሰብሳቢው ዘንበል ብለው «የምን ፓምፕ ነው?» አሉ። ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን ነጥቆ «እንግዲህ ክቡራትና ክቡራን፣ መቻቻል ማለት ይኸው ነው» አለ፣ ፎቶ አንሺውንም በእጁ ጠራው። ፎቶ አንሺው «ተቃቀፉ፣ እንዲያው ትንሽ ናፍቆት ይኑርበት» ይላል። አልተቃቀፉም። ትንሿ ከወንበሯ ወርዳ ተንበርክካ፣ የእህቷን ቀሚስ ገለጥ አድርጋ፣ በሁለት አውራ ጣቶቿ እብጠቱን እየተጫነች «እዚህ ጋ? እዚህስ?» ትላለች፤ ትልቋ «ኧረ ሰው ፊት» እያለች ቀሚሷን ትጎትታለች። የተነሳው ፎቶ ይኸው ነው። ዛሬ ኮሚቴው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «መከባበር በተግባር» የሚል ተጽፎበታል። ቢሮው ምድር ቤት ነው፤ ውኃ ይደርሰዋል።

መኪናው አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ መጣ። የክሊኒኩ ሾፌር ነው፣ የሥራ ባልደረባዋ። ትንሿ እንዲጠብቃት በእጇ አሳየችውና ሁለቱን አዳዲስ ጄሪካን ጥብጣባቸውን ሳትፈታ ከምድር ቤቱ ቧንቧ ሞላቻቸው። አንዱን አነሳች። ሁለተኛውን ማንም ሳያዘኝ እኔ አነሳሁ፤ ሁለት መቶ ሰው ዞሮ ካየህ በኋላ ባዶ እጅህን ደረጃ መውጣት ያስቸግራል። ትልቋ ከፊታችን የደረጃውን ብረት ይዛ፣ አንድ ደረጃ በሁለት እግር እየወጣች ትሄዳለች። በየወለሉ ታርፋለች። ባረፈች ቁጥር እኛም ከኋላዋ በጨለማው እናርፋለን፤ የሚሰማው ውኃው በጄሪካኑ ውስጥ ሲናወጥ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንሿ ተናገረች።

«ዘበኛው ነው የሚያወጣው አላልሽኝም?»

«አንዳንዴ ያወጣል።»

«መቼ?»

ትልቋ ትንፋሿን ሰብስባ አሰበች። «ፓምፑ ሳይበላሽ።»

ቤት ገቡ። እኔ ጄሪካኑን ደፉ ላይ አስቀመጥኩ፣ መሄድ ነበረብኝ፣ ወገቤን አሞኝ ነው ብዬ ትንሽ ቆየሁ። መጋረጃው በሰብሳቢው ትእዛዝ ተነስቶ የካውያው ጠረጴዛ ላይ ታጥፏል፤ ሁለቱ አልጋዎች እንደ ሆስፒታል ክፍል ራቁታቸውን ቀርተዋል። ትንሿ ሻንጣው ላይ ተቀመጠች፣ የእህቷን እግር ዝቅተኛው በርጩማ ላይ አስወጥታ ፎጣ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራ ጠቀለለችው። ስትጨርስ እጇ ሳታስበው ወደ ሻንጣው እጀታ ሄደ፤ አዲሱን ስፌት በጣቷ ዳበሰችው፣ ድርቡን ክር አገኘችው፣ ጎንበስ ብላ አየችው። ትልቋ ፊቷን ወደ ስፌት መኪናዋ አዞረች። የሦስቱን ሳምንት ነገር ማንኛቸውም አላነሱም። ምን ሰማሽ ብላ የጠየቀች የለም፣ እንዲህ መሰለኝ ብላ የመለሰች የለም። ሌላ ቤት ቢሆን ይለቀስ ነበር፣ እዚያ ቤት ፎጣው ተገለበጠ።

ከታች መኪናው ጡሩንባ ነፋ። ትንሽ ቆየና ደገመ። የሾፌሩም ትዕግሥት ልክ አለው። ፀሐይ ገና አልገባችም፣ ነፋሱ ግን ጀምሯል፣ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ እንደሚነፍሰው፣ የተሰቀለውን ሙስበሓ ግድግዳው ላይ ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል። ትልቋ በርጩማውን ገፍታ፣ ፎጣውን እየጎተተች፣ እያነከሰች ወደ መስኮቱ ሄደች። ወደ ታች አየች። ለሾፌሩ ጠብቅ ልትለው ይሁን ሂድ ልትለው አላወቀችም፣ እጇን አንስታ መልሳ አወረደችው። በመጨረሻ የመስኮቱን መዝጊያ ያዘች፣ ሃያ ሁለት ዓመት ዘግታው በማታውቀው እጇ።

«ልዝጋው?» አለች፣ ሳትዞር።

ትንሿ ሻንጣው ላይ እንደተቀመጠች የገዋኗን አንገት ቆለፈች።

«ተይው እትዬ» አለች። «እችለዋለሁ።»